መርፌው ለምን ቶሎ አልያዘውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፍላችሁ ከሐይቅ ነው። የ17 ዓመት ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ባለፈው ወር ክኒኑ አልቆበት ጥቂት ቀን ሳይውጥ ቀረና ክፉኛ ጣለው። ጎረቤት ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ያጨስ ነበር፤ “ይተወዋል፣ ጠብቁ” ስንባል ብዙ ቆየን። ጤና ጣቢያ ዲያዜፓም ወጉት፣ ደገሙትም፤ አልቆመም። ደሴ ተልኮ በሌላ መድኃኒት ነው የቆመለት። ድሮ በአንድ መርፌ ጸጥ ይል ነበር። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ወንድምሽ ተረፈልሽ። እኔ ከመድኃኒቱ በፊት የምጠረጥረው የባከነውን ሰዓት ነው። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

አንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሱ ነርቮች አሉ፣ የሚያረጋጉም አሉ። የሚያረጋጉት ጋባ የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን የሚወርድ መኪና ያለ ፍሬን ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ፤ ጋባ ለአንጎል እንደዚያ ፍሬን ነው። ግን ብቻውን አይሠራም። የሚቀበለው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ይህ ተቀባይ አምስት ቁራጭ ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው የገጠሙት ነው፤ ጋባ ሲነካው መሃሉ ይከፈትና ክሎራይድ ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉም ይረጋጋል።

ዋናው ነገር ተቀባዩ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚቀር አለመሆኑ ነው። በሴሉ ገጽ ላይ ይንሸራተታል። ጋባ በሚለቀቅበት ነጥብ ፊት ለፊት እንዲሰበሰብ ከሥሩ ጌፊሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዘዋል፣ ጌፊሪንንም በተራው ሌሎች ፕሮቲኖች ያግዙታል። ይህ መያያዝ ሲላላ ተቀባዮቹ ይበተናሉ። ጋባው ይለቀቃል፣ የሚቀበለው ግን ያንሳል።

መጣሉ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች በደንብ የታየው ይህ ነው፦ ሴሉ ተቀባዮቹን ከገጹ እየጎተተ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ የሚቀሰቅሱት ተቀባዮች ደግሞ በተቃራኒው ገጹ ላይ ይበዛሉ። ዲያዜፓም የሚሠራው ገጹ ላይ ባሉት የጋባ ተቀባዮች ነው፤ እነሱ ሲቀንሱ ጥሩው መድኃኒትም የሚይዘው ያጣል። ለዚህ ነው ገና ሲጀምር በአንድ መርፌ የሚቆመው ሲዘገይ በሁለትም የማይቆመው፤ ሐኪሞቹ በሌላ መንገድ ወደሚሠራ መድኃኒት የሚሄዱትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ሲጥለው መጀመሪያ ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው መጠበቅ የለም፣ ባገኛችሁት መኪናም ሆነ ባጃጅ ወደ ሕክምና ውሰዱት። እስከዚያ በጎኑ አስተኙት፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም እንዳታስገቡ። ክብሪቱን ተዉት! የሚያቆመው ነገር የለም፣ ፊቱን ሊያቃጥለው ግን ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ደቂቃ ይበላል።

ፌኖባርቢታልም የሚያግዘው ይህንኑ የጋባ ተቀባይ ነው፤ በሩ ሲከፈት ቶሎ እንዳይዘጋ ያቆየዋል። ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ክፋቱ፣ ለምዶት የኖረ አንጎል ድንገት ሲያጣው ይደነብራል፤ ወንድምሽን እንደዚያ የጣለው መቋረጡ ሳይሆን አይቀርም። ጠበሉንም ዱዓውንም ያዙ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ክኒኑን አቁሙ የሚላችሁን ግን እባካችሁ አትስሙ። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሌላ አስጽፉ። በቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነባችሁ፣ ቤት ተቀምጦ ሲጥለው በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም ለእሱ ይሆን እንደሆነ፣ ከሆነም ስንት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚሰጥ ሐኪሙ እያሳየሽ እንዲያስረዳሽ ጠይቂው።