መልስ፦ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናን በሥዕል ማስረዳት

ሰላም እህቴ። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ የቀለበሰባቸው እናቶች «ዓይኔን ሊያወጡት ነው» ብለው ከቀዶ ሕክምና እንደሚሸሹ ጽፈሽ፣ ሥዕል ይረዳ እንደሆነ ጠይቀሻል። በጣም ይረዳል። ግን ደምና መርፌ የሚታይበትን ፎቶ ተይው።

እኔ መጀመሪያ ዓይንን ከጎን የሚያሳይ ሥዕል አወጣለሁ። ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፈገፍግ በጣቴ አሳያለሁ። ከዚያ የሚቆረጠው ቆቡ ብቻ መሆኑን፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ እንደሚሰፋ። ዓይኑ ራሱ አይነካም። ይህ በቃል ሲነገራቸው አይዋጥላቸውም፤ ሲያዩት ግን ፊታቸው ይፈታል። ብዙዎቹ እይታቸው ስለደከመ ሥዕሉ ትልቅ፣ መስመሩም ደማቅ ይሁን። ጨርሶ ለማያዩት የጨርቅ ጠርዝ በእጃቸው አስይዘሽ ወደ ውጭ ገልብጪላቸው።

ዓይኗ በፋሻ የተሸፈነ ሴት ሥዕልም አትርሺ። የማደንዘዣው መርፌ እንደሚያም፣ ከዚያ በኋላ ግን ነቅተው እያሉ ሕመሙ እንደማይሰማቸው፣ ሲጨርሱ ዓይናቸው ታሽጎ እንደሚሄዱ ቀድመው ይወቁ።

አንድ ነገር አደራ። «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ካሳየሽ፣ ብሌን ላይ የቀረው ጠባሳ በዚህ ሕክምና እንደማይጠፋ ንገሪያቸው። ቀዶ ሕክምናው መፋተጉን ነው የሚያስቆመው።