ከሰኔ በፊት ለምን? የጉዲፈቻ ጥያቄና የወታደር ቤት ጉዳይ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ሳጅን ነው። የሁለት ዓመት ልጅ በኤጀንሲ በኩል በጉዲፈቻ ወስደናል፤ ቤታችን ከገባች ጥቂት ሳምንታት ሆኗታል። መከላከያው ወጪያችንን ይመልስልናል? ስንት? ከሰኔ በፊት እንዲያልቅልን እንፈልጋለን።»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የገንዘቡን ቶሎ ልጨርስልዎ። መከላከያው ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢበዛ 5,000 ዶላር ይመልሳል። ቅጹ ዲዲ 2675 ይባላል። የሚገባው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ካጸደቀ በኋላ፣ ባለቤትዎም ገና በአገልግሎት ላይ እያሉ ነው። የጉዞ ወጪ አይታሰብም፤ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። የፌዴራል የታክስ ቅናሽም አለ፤ ለ2025 ጣሪያው 17,280 ዶላር ነው። መከላከያው የመለሰልዎን ብር ግን እዚያ ደግመው ማስቆጠር አይችሉም። ለባለቤትዎ 12 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ ይገባቸዋል። ልጅቷን በዲርስ (የወታደር ቤተሰብ መዝገብ) ለማስመዝገብና ትራይኬር (የወታደሩ የጤና መድን) ለማስገባት የኤጀንሲውን የምደባ ደብዳቤ፣ ማለትም ልጅቷ ለእናንተ መሰጠቷን የሚገልጸውን፣ ይዘው ይሂዱ። ለዚህ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪወጣ መጠበቅ የለብዎትም።

አሁን ወደ ሰኔ እንምጣ። ለምን ሰኔ? አልነገሩኝም፤ ግን የወታደር ቤተሰብ እንዲህ ቀን ቆርጦ ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የዝውውር ትዕዛዝ አለ። እውነት እሱ ከሆነ፣ ከገንዘቡ በፊት ሊነግሩኝ የሚገባው ይህ ነበር። ለኤጀንሲውስ ነግራችኋል?

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ልጅቷ ቤታችሁ ብትተኛም፣ «እማዬ» ብትልዎትም፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ በሕግ ገና የእናንተ አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ የሕግ ኃላፊነቱ ያለው ኤጀንሲው ወይም ስቴቱ ጋ ነው። ስቴቶች ልጆችን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለማዛወር የተስማሙበት የጋራ ሕግ አለ፤ አይሲፒሲ ይባላል፤ 50ዎቹም ስቴቶች አሉበት። ከውሳኔ በፊት ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወሩ የምትሄዱበት ስቴት መፍቀድ አለበት። የወታደር ትዕዛዝ ይህን ፈቃድ አይተካም። ሰዎች «ጦሩ ነው የላከን፣ ማን ይከለክለናል?» ብለው ልጁን መኪና ውስጥ አስገብተው ይሄዳሉ። ከዚያ የቤት ጥናቱ (ቤታችሁ ለልጅ ተስማሚ መሆኑ የሚጣራበት) እንደገና፣ ክትትሉ እንደገና፣ ዳኛውም ለምን ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡም ይነካል፦ ሕግ ተጥሶ ለተፈጸመ ጉዲፈቻ መከላከያው ወጪ አይመልስም። ዝውውሩ ወደ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይከብዳል። ያለ ኤጀንሲው ወይም ያለ ፍርድ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ንቅንቅ እንዳትሉ።

«ብንነግራቸው ልጅቷን ይወስዱብናል» ብለው ፈርተው ይሆናል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ትዕዛዙን ቀድሞ የሰማ ኤጀንሲ የችሎት ቀን እንዲፋጠን ሊጠይቅ፣ የአይሲፒሲውን ወረቀት ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል። የተደበቀበት ኤጀንሲ ግን እምነቱን ነው የሚያጣው። ገና ወሬ ብቻ ከሆነም ንገሯቸው። ባለቤትዎም ጉዞው ይራዘምላቸው ዘንድ አዛዣቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ባለቤትዎ ቀድመው ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ጠቅላላ ውክልና ጽፈውልዎ ቢሄዱ አይበቃም ልትባሉ ትችላላችሁ። ጉዲፈቻውን በስም የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ዳኛው በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀበል እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ።

እኔ ፋይላችሁን አላየሁም፤ የምትኖሩበትን ስቴትም አልጻፉልኝም። ስለዚህ በዚህ መልስ ብቻ አንድ እርምጃ እንዳትወስዱ። በጦር ሰፈሩ ያለው የሕግ ድጋፍ ቢሮ በነፃ ያማክራል፣ ውክልናም ያዘጋጃል። ፍርድ ቤት የሚቆምላችሁ ግን ብዙውን ጊዜ የስቴቱ የጉዲፈቻ ጠበቃ ነው። ሚሊታሪ ዋንሶርስ የተባለው የወታደር ቤተሰቦች ድጋፍ አገልግሎትም በነፃ የጉዲፈቻ አማካሪ ያገናኛል።

በዚህ ሳምንት የዝውውር ትዕዛዙን (ካለ)፣ የኤጀንሲውን ውል፣ የምደባውን ደብዳቤና የቤት ጥናቱን በአንድ ፎልደር ሰብስቡ። ትዕዛዙ ላይ የመድረሻውን ቀን ያስምሩበት። ጠበቃውን ስታገኙ መጀመሪያ ያንን አሳዩት፤ የገንዘቡ ቅጽ ይደርሳል።