ደንገል ታንኳ ላይ ምሰሶ ማቆም፦ ታንኳዋን ከመብሳትሽ በፊት

እህቴ፣ «ለልጄ ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን በደንገል ትንሽ ታንኳ ሠርተናል፤ ሸራ ልናቆምባት ብንል ግን ምሰሶው አንዴ ይጋደላል፣ አንዴ ይሰምጣል፤ ኮላም አልያዘልንም፤ የሞከረ ሰው አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለ። እኔና ልጄ እዚህ ኦስሎ አንድ ሜትር የምትሆን ሠርተናል። ሶንግስቫን ሐይቅ ላይ አሳርፈናት ነፋስ ይዟት ሄዳለች። በዳርቻው እየሮጥን ነው የያዝናት። የምነግርሽ እንግዲህ ከዩቲዩብ የለቃቀምኩትን አይደለም።

ደንገሉን (ያን የጣናውን ረጅም ሣር፣ ፓፒረስ የሚሉትን) ስለ ማድረቅና ስለ ማሰር አላወራም፤ ታንኳዋን ከሠራሽ እሱን አልፈሽዋል። ቀጥታ ወደ ምሰሶው እንግባ።

1. ኮላውን እርሺው። ደንገል ከላይ ስስ ቅርፊት፣ ከውስጥ ልል ነገር ነው። ኮላው የሚይዘው ቅርፊቱን ብቻ ነው። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ምሰሶው ከነቅርፊቱ ተገንጥሎ ይነሳል። ምስማርም ያው ነው። ገመድ ብቻ!

2. መሃል ላይ አንድ ምሰሶ አትትከዪ። ሁለት እግር ይኑረው። አንዱ እግር በግራ፣ ሌላው በቀኝ ጠርዝ ይረፍ፤ ጫፋቸው ላይ ይገናኙና ጥብቅ አድርገሽ እሰሪያቸው። የጥንት ግብፆች በፒራሚዶቹ ዘመን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ለጌጥ እንዳይመስልሽ። ምሰሶ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከሥር የሚቆምበት ጠንካራ ነገር፣ ከጎን ደግሞ የሚወጥረው ገመድ። የእንጨት መርከብ ከሥሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው፤ ሸክሙን እሱ ይቀበላል። እዚህ ኖርዌይ በ1880 (በፈረንጆች) ከመቃብር ጉብታ ተቆፍሮ የወጣው የቫይኪንጎች የጎክስታ መርከብ ርዝመቱ 23 ሜትር ገደማ ነው። የምሰሶው እግር በዚያ የታች ግንድ ላይ በተጋደመ ትልቅ የኦክ ጉማጅ ውስጥ ይገባል። ጉማጁ በርዝመቱ ከአንድ በላይ የሆኑ የጎን አጥንቶች ላይ ስለሚያርፍ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ አይከመርም። ከላይም ሌላ ወፍራም እንጨት ምሰሶውን አቅፎ ይይዘዋል። የሸራው ግፊት እንዲህ ለመርከቡ ገላ ይከፋፈላል።

የአንቺ ታንኳ ግን ግንድም አጥንትም የላትም። እሷ ላይ አንድ ምሰሶ ማቆም ጭድ ክምር ላይ ችካል እንደ መትከል ነው። ሁለት እግር ሲሆን ሸክሙ ወደ ሁለቱ ጎኖች ይሄዳል። ከእያንዳንዱ እግር በታች የእጅሽን መዳፍ የምታህል ሳንቃ አድርጊ። ሳንቃዋን ከደንገሉ እሥር ጋር ዙሪያውን በገመድ አጥብቂ። እግሩ የሚገባበትን ጎድጓዳ ቦርቡሪላት፤ ሳንቃዋን ግን እንዳትበሺያት። አለበለዚያ እግሩ በሥቶ ይወርዳል፤ «ይሰምጣል» ያልሽውም እሱ ይመስለኛል።

የጣና ታንኳ ምሰሶ የማያውቀው የኛ ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። (አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ሊለኝ ሞክሮ ነበር፤ በደንብ ነው የመለስኩለት።) ያ ታንኳ ማገዶና እህል ይዞ በዘንግ እየተገፋ ለመሄድ የተሠራ ነው፤ ለዚያም አንደኛ ነው። ሸራ ከጨመርሽበት ግን ሌላ ጀልባ ሆነ፤ ገላውም መለወጥ አለበት።

3. ዋናው ይኼ ነው፤ የጭራው ገመድ። እሱን ለማስረዳት ግን ታሪኩን መንገር አለብኝ።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር አሳያለሁ ብሎ ተነሳ። ደንገሉን ከየት አመጣ? ከጣና! ግብፅ ውስጥ ደንገሉ ጠፍቶ ስለነበር የኛ ሐይቅ ደንገል ታጭዶ ወደ ግብፅ ተጓዘ። ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ የቻድ ሐይቅ የጀልባ ሠሪዎች ጀልባዋን ሠሯት፤ 15 ሜትር ገደማ ነበረች። ስሟንም በግብፆች የፀሐይ አምላክ «ራ» አሏት። ምሰሶዋ ባለ ሁለት እግር ነው። ሸራዋ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ።

በግንቦት 1969 (በፈረንጆች) ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሱ። ነገር ግን የግብፆቹ ሥዕል ላይ ወደ ላይ ከታጠፈው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባዋ ወለል የሚወርድ ገመድ አለ። ሠሪዎቹ በአገራቸው ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ጭራ ስለሌለ ገመዱ ምን እንደሚሠራ አልታያቸውም። ሌላውም ሰው ቅርጹን ለመያዝ ብቻ የታሰረ መስሎት ገመዱ ሳይታሰር ቀረ። ባሕር ላይ ግን ጭራው ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ያ ገመድ ለካ የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ነበር! ኋላው ሲወርድ ማዕበሉ እየገባ ጀልባዋን አራሰው፤ በነፋሱ በኩል ያለው ጎንም ውሃ ጠጥቶ ከበደ። ወደ 5000 ኪሎ ሜትር ሄደው፣ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። በአንዲት ገመድ! እኔ ይህን ሳነብ የተናደድኩትን ልነግርሽ አልችልም። ደንገሉማ ችሎ ነበር።

በዓመቱ 1970 ሁለተኛዋን ሠሩ። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ፣ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ነበሩ። ይቺኛዋ 12 ሜትር ብቻ ነች። አይማራዎቹ ሁለት ትልልቅ ክብ እሥሮችን ሠርተው በመሃል አንድ ቀጭን እሥር አስገቡ። ከዚያ አንድ ወጥ ገመድ ከፊት እስከ ኋላ እያዞሩ ትልቁን ከቀጭኑ ጋር አሰሩት፤ በሌላኛውም ጎን እንደዚያው። ገመዱ ሲጠብቅ ሦስቱ አንድ ገላ ሆኑ። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ደግሞ ይብስ ይጠብቃል። ራ ሁለት ከሳፊ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ 6100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ እዚህ ኦስሎ፣ ቢግደይ ሰፈር ያለው የኮንቲኪ ሙዚየም ውስጥ አለች። ልጄን ይዤ ስሄድ «ይኼ የአያትህ አገር ሣር ነው» አልኩት። አስጎብኚዋ ሰምታኝ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ደስ አላት፤ እኔ ደግሞ ከሷ በላይ ኮራሁ።

እና እህቴ፣ የታንኳሽን ጭራ ወደ ላይ ካጠፍሽው ከጫፉ ወደ ወለሉ ገመድ አውርጂና ወጥሪው። ስትነኪው እንደ ክራር ክር ድምፅ ይስጥ። ጭራ ከሌላትም ገመድ አይቀርልሽም። የጥንቷ ግብፅ ንግሥት ሃትሸፕሱት ፑንት ወደሚባለው አገር የላከቻቸውን መርከቦች ሥዕል ደይር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ላይ ተመልከቺ፤ ፎቶው በየቦታው አለ። ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ፣ በባላ እንጨቶች ላይ ተሸክሞ የሚያልፍ ወፍራም ገመድ ታያለሽ። የግብፅ መርከብ ከሥሩ ጠንካራ ግንድ አልነበረውም፤ በዚያ ፈንታ ሁለቱ ጫፎች እንዳይወርዱ ገመዱ ከላይ ይስባቸዋል። ለምሰሶሽ የምትጨነቂውን ያህል ለዚህ ተጨነቂ። የታንኳሽ ገላ ከተጣመመ ምሰሶው ምንም ቢታሰር ይጋደላል።

4. ደንገል ጎድሎሽ ካስመጣሽ። ከአገር ቤት ነው የምታስመጪው ብዬ ነው የምነግርሽ። አንድ እሥር ደረቅ ደንገል ለማውጣት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል ተባልኩ። እሺ ብዬ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የመጀመሪያው መስኮት ያለችው ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «አበባ ነው?» አለችኝ። አይደለም። «ጥራጥሬ ነው?» አይደለም። «ታዲያ ምንድነው?» ደንገል። «ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ቀጣይ!» የጣናን ደንገል ኢትዮጵያ ውስጥ ላስረዳ ነው እንግዲህ! ሁለተኛው መስኮት ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። የመጀመሪያዋ ደግሞ ሻይ ወጥታለች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ኃላፊ እሥሩን አሽትተው «ባሕር ዳር ነው ያደግኩት» አሉና በአምስት ደቂቃ ፈረሙልኝ። እግዜር ይስጣቸው። ኦስሎ ስደርስ በቀዩ በር (ለጉምሩክ የሚያሳዩት ዕቃ ያላቸው በሚገቡበት) ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጉምሩኳ ሴትዮ ሣሩን አየችና «ለራ ነው?» አለችኝ። ያኔ የሳቅኩት ሳቅ! እና ማመልከቻሽ ላይ «ደንገል» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ «የደረቀ፣ ሥርና ዘር የሌለው፣ ለእደ ጥበብ የሚውል ሣር» ብለሽ ጻፊ። ሽማግሌው የጻፉልኝ እንዲህ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተሰለፊ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ነው ይሉሻል።

የቀረውን ባጭሩ ልበልሽ። ምሰሶውን ከመሃል ትንሽ ወደ ፊት አቁሚው። ወጥር ገመዶቹን አብዛኞቹን ወደ ኋላ ጎኖቹ እሰሪ፤ ነፋሱ የሚገፋው ወደ ፊት ነውና። ምሰሶው ከታንኳዋ ርዝመት ሁለት ሦስተኛ አይብለጥ፤ የኛ ከዚያ ሲረዝም ጎን ለጎን ትገለበጥ ነበር። ለሸራ አሮጌ ነጠላ ይበቃል። ናይለን ገመድ አትጠቀሚ፤ ሲረጥብ ይላላል፣ ቋጠሮውም ይሾልካል። የጥጥ ወይም የቃጫ ይሁን። መሪውን መቅዘፊያ ደግሞ ወፈር አድርጊው፤ የራ መቅዘፊያዎች ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የተሰበሩት።

ኤግዚቢሽኑ መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም። ሳምንት ካለሽ ምሰሶውን አውልቀሽ እንደገና ጀምሪ። ሁለት ቀን ከሆነ ግን ሳንቃዎቹንና የጭራውን ገመድ ብቻ አስተካክዪ። የታሰረችበትን ፎቶ ከጎን አንስተሽ ለጥፊው፤ የት ጋ እንደላላ አይቼ እነግርሻለሁ።