ከተማን በአቶም ቦምብ ማጥፋት ለክርስቲያን ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ተምሮ መጣና «ቦምቡ ባይጣል ጦርነቱ ረዝሞ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ያልቅ ነበር፤ እግዚአብሔርስ ሰዶምን አቃጥሎ የለም ወይ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ትምህርቱን ሲጨርስ ደግሞ አየር ኃይል የመግባት ሐሳብ አለው። ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ጠየቁ። ከሁሉ በፊት የተደረገው ነገር በትክክል ይታወቅ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ዒላማ እንዲመርጥ የተሰየመው የአሜሪካ ኮሚቴ፣ ቦታው ከ3 ማይል (5 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሰፋ ትልቅ ከተማ ውስጥ እንዲሆን ፈለገ። በዚያው ወር መጨረሻ የጦር ሚኒስትሩን የሚያማክር ሌላ ኮሚቴ፣ የሚመረጠው ዒላማ ብዙ ሠራተኛ ያለውና ዙሪያውን በሠራተኞች ቤት የተከበበ የጦር ፋብሪካ ነው አለ። ቤቶቹ የተጠቀሱት እንዲተርፉ አይደለም። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የፈነዳውም በስሌት ነው፤ መሬት ላይ ቢፈነዳ ብዙው ኃይል ጉድጓድ ሲቆፍር ይባክናል። አየር ላይ ሲፈነዳ ግን ከላይ የወረደው የግፊት ማዕበልና ከመሬት ነጥሮ የተመለሰው ተደራርበው በሰፊ ቦታ ላይ ቤት ያፈርሳሉ። ከሙቀቱ የተረፈውን ግፊቱ፣ ከግፊቱ የተረፈውን ቃጠሎው፣ ከቃጠሎ ያመለጠውንም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ጨረሩ ገደለው።

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡15 ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የ12 እና የ13 ዓመት ተማሪዎች፣ የአየር ድብደባ እሳት እንዳይዛመት ቤት በማፍረስ ሥራ ተሰማርተው ሜዳ ላይ ነበሩ። በከተማዋ የጦር ማዘዣና ብዙ ወታደር መኖሩ አይካድም፤ የተነጣጠረው ግን መሀል ከተማ ባለ ድልድይ ላይ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው አለቀ።

ናጋሳኪ ከሦስት ቀን በኋላ ነሐሴ 3 ተመታች፤ እኛ የፍልሰታን ጾም በያዝን በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። የመጀመሪያው ዒላማ ኮኩራ ነበረች፤ ሰማዩ ስለተሸፈነ አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ቦምቡ የፈነዳው በኡራካሚ ሰፈር ላይ ነው፤ የካቶሊክ ካቴድራሉ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሚርቀው። ምእመናኑ ለእመቤታችን የዕርገት በዓል ሊዘጋጁ ካህናት ፊት ንስሓ እየገቡ ሳለ ካህናቱም ተናዛዦቹም አብረው ሞቱ። ከሰፈሩ 12,000 ያህል ክርስቲያኖች 8,500 ገደማ አለቁ። እነዚህ በስደት ዘመን ሃይማኖታቸውን ከ200 ዓመት በላይ ደብቀው ያቆዩ ሰዎች ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ልጅዎ ክርክር እንምጣ። የጃፓን ሠራዊት በቻይናና በሌላውም አገር የፈጸመው ግፍ እውነት ነው፤ ልጅዎም ይወቀው። ጦርነቱን የጨረሰው ቦምቡ ነው ወይስ በእነዚያው ቀናት የሶቪየት ኅብረት ጦርነት ማወጅ የሚለውን ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ነገር ግን ቦምቡ ጨረሰው ብንል እንኳ፣ «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ» የሚለውን አሳብ ሐዋርያው አውግዞታል (ሮሜ 3፥8)። ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ያለው ቀያፋም በዚሁ ስሌት ነው ጌታን ለሞት የሰጠው (ዮሐ. 11፥50)። ቅዱስ ባስልዮስ በ13ኛው ቀኖናው፣ በጦርነት የገደሉ ወታደሮች እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መክሯል። ይህ የታጠቀ ጠላትን ስለገደለ ሰው የተነገረ ነው። በቤቷ ያለችን እናት ከነልጇ ዒላማ ማድረግ በምን ቀኖና ይፈቀዳል? በግልጽ የነፍስ ግድያ ኃጢአት ነው።

የሰዶም ነገር ደግሞ ልጅዎን የሚቃወም እንጂ የሚደግፍ አይደለም። ነፍስን የሰጠ እርሱ ይወስዳል፤ ለእኛ ግን አልተሰጠንም። እርሱ እንኳ አሥር ጻድቃን ቢገኙ ከተማዋን እንደሚምር ለአብርሃም ነግሮታል፤ ሎጥንም ሳያወጣ እሳቱን አላወረደም። ያዕቆብና ዮሐንስ በሳምራውያን መንደር ላይ እሳት እናውርድ ሲሉት ጌታ ገሠጻቸው (ሉቃ. 9፥54-55)። ስለ ነነዌም ለዮናስ ሲነግረው ቀኝና ግራቸውን የማያውቁትን ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ከብቶቹንም ሳይቀር ቆጥሮለታል።

አገራችን በዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱ፣ በገበሬው፣ በወንዙና በከብቱ ላይ ረጭተዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኢትዮጵያ ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአቶም መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ በ55 ድምፅ አወጀ፤ 20 አገሮች ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አልሰጡም። ከተቃወሙት አንዷ አሜሪካ ነበረች፤ ይህን ልጅዎ በትምህርት ቤት አያገኘው ይሆናል።

አየር ኃይል መግባቱን በጅምላ ኃጢአት ነው አልልም፤ ቅዱስ አትናቴዎስ በጦርነት ጠላትን መግደል ሕግ የፈቀደው ነው ብሏልና። ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ያለበት አለ። በአሜሪካ ሕግ በሕሊና ምክንያት አልዋጋም የሚል ሰው የሚሰማው ጦርነትን ሁሉ ከተቃወመ ነው፤ «ሌላውን እዋጋለሁ፣ የአቶም ቦምብ ግን አልነካም» የሚል ከገባ በኋላ በዚህ መንገድ አይለቀቅም። ስለዚህ የሚመደብበትን ሙያ መልማዩን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የተነገረውም በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈሩን ይመልከት፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ አይያዝለትም። ከዚያ በፊት ግን ከንስሓ አባቱ ጋር ይቀመጥ፤ እርስዎም አብረውት ይሂዱ።