ገዳዩን በአውጫጭኝ መፈለግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ነው የምኖረው፣ ባንክ ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ በጣሊያን ዘመን ስለተፈጸመ ግድያ ልቦለድ እጽፋለሁ። መርማሪዬን አሻራ የሚያነሳ ፖሊስ አደረግኩት፣ ግን አልጥም አለኝ። እርስዎ ሀዋሳ ሆነው የድሮ ዘመን የወንጀል ታሪክ ነውና የሚጽፉት፣ ምን ይመክሩኛል? ውሎዎስ እንዴት ነው? ሐይቅ ዳር መኖሩ ለጽሑፍ ይረዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከውሎዬ ልጀምርልሽ፣ እሱ አጭር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ስልኬን አጠፋለሁ፣ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ቤቴ ውስጥ እጽፋለሁ። ወደ ሐይቁ የምወርደው ስጨርስ ነው፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ። እዚያ ቁጭ ብዬ የሰው እጅ አያለሁ። ዓሣ የሚገፍፉት ልጆች ቢላዋውን ከጉንጩ ሥር ሰክተው በአንድ ስበት እስከ ጭራው ያወርዱታል፣ አፋቸው ግን ከደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል። ቢላዋ የለመደ እጅና ያልለመደ እጅ የሚተወው ቁስል አንድ አይደለም፣ ወንጀል ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐይቁ የሚረዳኝ በዚህ ነው።

ወደ ዋናው ልግባ። አሻራውን ተዪው። ያልጣመሽ አገሩ የራሱ የምርመራ መንገድ ስለነበረው ነው።

ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ የአካባቢው ሰው ተጠርቶ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ሥራ ተፈትቶ፣ ሁሉም ያየውን የሰማውን እስኪናገር ድረስ። እስቲ አስቢው፣ ነፍሰ ገዳዩ እዚያው መሃላቸው ተቀምጧል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ግን ተናግሮ ነገ ደም መቃባት ይመጣል ብሎ ይፈራል። ከዚህ የበለጠ ምን ትዕይንት ትፈልጊያለሽ? ቁራኛም አለልሽ፤ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የሟች ወንድም ከጠረጠረው ሰው ጋር ተቆራኝቶ በረሃ ሲያቋርጥ የሚያወሩትን ጻፊ። ሌባ ሻይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። የልጁን ገመድ የያዘው ሰው ከማን ጋር ተጣልቷል ብለሽ ከጠየቅሽ የሐሰት ክስሽን አገኘሽ ማለት ነው። እኔ ብሆን ለዚህ ስል ታሪኩን ወደ ምኒልክ ዘመን እመልሰው ነበር።

የለም፣ ከጣሊያን ዘመን አልወጣም ካልሽ፣ የባንክ ሰው ነሽና ገንዘቡን ያዢ። ማርትሬዛ ብር መቼም ይመታ መቼ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች 1780 ነው። ጣሊያን ለወረራው ስትዘጋጅ በፈረንጆች ከ1935 ጀምሮ ራሷ ሮም ውስጥ ትመታው ነበር፣ ባላገሩም ከሊሬው ይልቅ የሚያምነው ይህንኑ ብር ነበር። እንግዲህ ሟች ቤት የተገኘው ብር የአያት ውርስ ነው ወይስ ለባንዳነት የተከፈለ? ዓመቱ አይነግርሽም። መርማሪሽ ሌላ ነገር ማየት አለበት፤ ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ፊት በእጅ ብዛት ተፍቋል ወይስ ገና ያብረቀርቃል።

ሀዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ለዚያ ዘመን ወሬ የምሄደው ይርጋለም ነው፣ የድሮው የሲዳሞ መቀመጫ። ሽማግሌዎቹ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ያወሩልሻል፣ ግን “ማን ገደለው” ብለሽ አትጀምሪ። ጨው በምን ይገዛ ነበር፣ ማታ በምን ታበሩ ነበር በያቸው፣ ወሬው ራሱ ይወስድሻል። “የሚካኤል ማግስት ነው” ካሉሽ ቀኑ 13 ነው፣ ወዲያው ጻፊው። ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ጣሊያኖቹ የጻፉት የጠዋቱ 9 ሰዓት በኛ 3 ነው፣ እና አንድ ተጠርጣሪ “በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበርኩም” ያለው በሙሉ በዚህች ልዩነት ብቻ ሊፈርስበት ይችላል።

ሌላው ወረቀት ነው። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግቢና የብርሃንና ሰላም ጋዜጣን ጠይቂ። ከ1917 ጀምሮ የወጣ ነው፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከተሜው ስለ ምን እንደሚከራከር እዚያ ታገኛለሽ። እሱን ሳታዪ ሁለተኛውን ረቂቅ አትጀምሪ።