ኮርዱ ዘፈኑን ሲቀድመው፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የተጻፉ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም የባህል ዜማን ከጃዝና ከዘመናዊው ሙዚቃ ጋር ስለ ማዋሐድ ነው። ለቦታ ሲባል ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ኮርድ የምንለው በአንድ ጊዜ አብረው የሚጫኑ ድምፆችን ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ኪቦርድ የምጫወት የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አክስቴ ከመንዝ ስትመጣ የምታንጎራጉረውን ትዝታ በስልኬ ቀድቼ የጃዝ ኮርድ ሠራሁበት። መጀመሪያ ያማረ መሰለኝ፤ ደጋግሜ ስሰማው ግን የሆነ ነገር ጠፋብኝ። ለእሷ ባሰማት ‹ድምፁ የእኔ ነው፣ ዘፈኑ ግን የሌላ ሰው ነው› አለችኝ። ጥፋቱ ምን ላይ ነው?»

መልስ፦ አክስትህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን ነገር ለመረዳት ብዙ አቀናባሪ ዓመታት ይፈጅበታል። ድምፃቸውን አልነካህም፤ የነካኸው ቅኝታቸውን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚመላለስባቸውን አምስት ድምፆች ነው። ሜጀር የምንለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ብቻ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። የኪቦርድ ተጫዋች እጅ ግን ዘፈኑ ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ከልምድ ብዛት ሳያስበው የሚጫነው፣ ዶሚናንት ሰባተኛ የሚባለው ኮርድ ከሶል፣ ከሲ፣ ከሬ እና ከፋ የተሠራ ነው። ከአራቱ ሁለቱ በአክስትህ ዘፈን ውስጥ ጨርሶ የሌሉ እንግዶች ናቸው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ያ ኮርድ «አሁን ወደ ቤት ግቡ» ብሎ የሚገፋ ኮርድ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሞ መቆየትን የሚወድ ዘፈን ነው። ሚዜው በሙሽራው ወንበር ሲቀመጥ ሠርጉ እንደሚደናገር ሁሉ፣ አጃቢው ሲቀድም ዘፈኑ ባለቤቱን ያጣል።

ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንዲት በዕድሜ የገፉ የገጠር ድምፃዊት ትዝታ በየሁለት ምቱ የሚለዋወጥ ኮርድ ጽፌ፣ ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር ራሴን ሳደንቅ ሰነበትኩ። የልምምዱ ቀን ሁለት ስንኝ ከዘፈኑ በኋላ ቆም አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ አንተ ደረጃ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፤ እኔ ታዲያ የት ላይ ቆሜ ላንጎራጉር?» አሉኝ። ከአሥራ አራቱ ገጽ ሦስት ገጽ አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩት። እሳቸው ግን ሦስቱንም ገጽ ቢሆን ብዙ ነው ብለው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ግራ እጅህን አሳርፍ። ዶ እና ሶልን ብቻ ረዘም አድርገህ ያዝና አክስትህ በዚያ ላይ ይራመዱ። ከዚያ በኋላ ኮርድ ካልጨመርኩ ብለህ እጅህን ከበላህ፣ አምስቱን የትዝታ ድምፆች ከሚ ተነስተህ በአራተኛ ርቀት (ከዶ እስከ ፋ ባለው ርቀት) ደርድራቸው፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ይሆናሉ፤ አንድም ባዕድ ድምፅ አይገባባቸውም። ከእነዚህ ተከታታይ የሆኑትን ሦስት ሦስት እየወሰድክ በለሆሳስ ብትጫን ጃዝ ጃዝ የሚል ቀለም ታገኛለህ፤ ትዝታውም ትዝታ እንደሆነ ይቆያል። ይህ ከጃዝ ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስና ባልደረቦቹ በ1959 የኮርድ ሩጫውን ቀንሰው በአንድ ስኬል ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትን መርጠው ቀርጸዋል፤ ማኮይ ታይነር የተባለው ፒያኒስትም በአራተኛ ርቀት በተደረደሩ ኮርዶች ይታወቃል። የኢትዮ ጃዝ ጀማሪው ሙላቱ አስታጥቄም በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምረው ያመጡትን የ12 ድምፅ ሙዚቃ ከእኛ አምስት ድምፅ ጋር ሲያገናኙ፣ ቫይብራፎናቸውንና የላቲን ከበሮዎቻቸውን የፈለጉትን ያህል ቢያበዙም ዜማው ቅኝቱን እንዳይለቅ መጠንቀቃቸው ከሥራዎቻቸው ይሰማል።

አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት ግን ለጊዜው እንድትተወው እመክርሃለሁ። ከመነሻው ድምፅ በላይ ትክክለኛ አምስተኛ የሌለው ቅኝት ስለሆነ፣ ትዝታ ላይ የተደገፍክበት የዶ እና የሶል ምርኩዝ እዚያ አይገኝም። በሌሎቹ ቅኝቶች፣ በባቲና በአምባሰል፣ ከሠራህ በኋላ ተመለስበት።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከደብዳቤህ እንደምገምተው ቀረጻውን በኮምፒውተር ቆራርጠህ በእኩል ምት ላይ አስቀምጠኸዋል። የትዝታ ዘፋኝ ግን የስንኙን መጨረሻ እንደ ትንፋሹና እንደ ቃሉ ክብደት ያስረዝመዋል፤ አንዳንዴም ቃሉ ካለቀ በኋላ ድምፁን በጉሮሮው እያንቀረቀበ ያቆየዋል። እዚያ ላይ ነው ሐዘኑ ያለው። በማሽን ምት የተቆረጠ ትንፋሽ ተመልሶ አይቀጠልም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከቀረጻ ጋር ከምትታገል አክስትህ አጠገብ ተቀምጠህ አብረሃቸው ተጫወት፤ ዓይንህም ቁልፎቹ ላይ ሳይሆን አፋቸው ላይ ይሁን። የኪቦርድህንም ቃና በእሳቸው ድምፅ ልክ ዝቅ ወይም ከፍ አድርገው። በክራርና በመሲንቆ ያደገ ጆሮ የሚይዘው ድምፅ ከፒያኖው ጋር ሁልጊዜ በልኩ አይገጥምም፤ መስተካከል ያለበት ደግሞ ማሽኑ ነው።

ጥያቄ፦ «በሸዋ ሮቢት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ኢትዮ ጃዝ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ሙዚቃ ነው፣ እኛን አይመለከትም ይላሉ። ከአካባቢያችን በዚህ ሥራ የታወቀ ሰው አለ?»

መልስ፦ አለ እንጂ፤ ያውም ከደጅዎ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለዱት በይፋት ነው። የሙዚቃን ሀ ሁ የጀመሩት በክራርና በመሲንቆ ሲሆን፣ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ተቀጥረው፣ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተሻግረዋል። ታላቁ ሥራቸው ግን ከቅጥራቸው ሁሉ ይበልጣል፤ ሽለላን በሳክስፎን አስገቡት። ጦረኛ ወደ ውጊያ ከመሄዱ በፊት ደረቱን ነፍቶ የሚያሰማውን ያንን ሻካራ፣ የሚቆራረጥና መልሶ የሚፈነዳ ድምፅ በናስ መሣሪያ ሲያሰሙት፣ ብዙ የውጭ አድማጭ ከአሜሪካው «ፍሪ ጃዝ» (ከተወሰነ ኮርድና ምት ነፃ ከሆነው ጃዝ) የተቀዳ መስሎት ነበር። እርስዎም ሆኑ ተማሪዎችዎ ግን ምንጩን ታውቁታላችሁ፤ በሠርግና በልቅሶ ቤት ሽማግሌዎች ከሚያሰሙት ፉከራና ቀረርቶ የሚለየው መሣሪያው ብቻ ነው። መድረክ ላይም የጀግና ለምድ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይቀርቡ ነበር። ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ጋር በ2006 አንድ አልበም አውጥተው አውሮፓን ሲዞሩ ዕድሜያቸው ሰባን ዓልፎ ነበር። ያረፉት በ2016 ነው።

ሁለተኛው ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ አኮርዲዮንንም ራሳቸውን አስተማሩ። በዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋችነታቸው በአዲስ አበባ ሒልተን ታዳሚ ዘንድ ታወቁ። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ በ1985ም በዋሽንግተን ብቻቸውን ሆነው አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናቸው ኋላ ያስቀመጡትን ኪቦርድ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያዳምጠው ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ። ለተማሪዎችዎ ከሁለቱም ሥራ አንድ አንድ ቢያሰሙና ቅኝቱን እንዲለዩ ቢያደርጓቸው፣ እኔ ከምጽፈው ሁሉ የተሻለ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «ከአንኮበር ነው የምጽፈው። የልጅ ልጄ ሳክስፎን እማራለሁ ብሎ ቀረርቶውን በጊታርና በከበሮ ያንኳኳዋል። ይህ ባህል ማበላሸት አይደለም? ነገ ደግሞ ማኅሌቱን ይዘው እንዳይመጡ እፈራለሁ።»

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ሁለት ነገር አለበትና ለየብቻ ልመልስ።

ስለ ቀረርቶው አይጨነቁ። ዓለማዊው ዘፈን ከጥንትም በሩ ክፍት ነው። አዝማሪ በመሲንቆው ሲዘፍን ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት፣ አዝማሪው በዚያው ቅጽበት ተቀብሎ በዜማው ያስገባዋል፤ ጃዞቹም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ነገር አይሠሩም፤ የሚወራወሩት ዜማ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። የናስ መሣሪያውም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውና «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች መለከትና ክላርኔት ይዘው አዲስ አበባ ከገቡ መቶ ዓመት ዓልፏል። የልጅ ልጅዎ ግን ግጥሙን ሳያውቅ ድምፁን ብቻ ቀድቶ እንደሆነ ቁጣዎ ተገቢ ነው። ሳክስፎኑን ከመቀማትዎ በፊት ቀረርቶውን ከነግጥሙ ያስተምሩት። ቃሉ የት ላይ እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ያላወቀ ልጅ፣ በሳክስፎኑም የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት አያውቅም።

በማኅሌቱ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተለይቶ፣ ከነምልክቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በዓመታት ትምህርት የሚተላለፍ የጸሎት ሥርዓት ነው። ባለቤት አለው፤ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታም አለው። ወጣት ሙዚቀኞች ቢያዳምጡትና ጆሯቸውን ቢያሠለጥኑበት እሰየው ነው፤ ከድጓ ላይ ቆርጦ በምሽት ቤት ምት ላይ መለጠፍ ግን ማዋሐድ ሊባል አይገባውም። በዚህ ላይ የሚቃወሙኝ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ጥያቄ፦ «በደብረ ሲና መሲንቆ እጫወታለሁ። ከባንድ ጋር ስሠራ ወይ ድምፄ አይሰማም፣ ወይ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል። የጣርማ በር ጉም ሲወርድ ደግሞ ጭራው ይላላል። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ማይክራፎኑን ደጋኑ ጭራውን ከሚነካበት ቦታ አርቀህ፣ ከቆዳው ፊት ለፊት አንድ ስንዝር ያህል አስጠጋው፤ የድምፁ አካል የሚወጣው ከቆዳው ሲሆን ፍጭቱ የሚሰማው ከደጋኑ ነው። ለራስህ የሚያሰማህ ድምፅ ማጉያ ከማይክራፎኑ ጀርባ ይሁን፤ ፊት ለፊት ከተተያዩ ማፏጨቱ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ግን የባንድ መሪህን አነጋግረው። ጊታሩና ኪቦርዱ አንተ በምትጫወትበት የድምፅ ከፍታ ላይ አብረው ከተረባረቡ፣ ማጉያው ምንም ያህል ቢጮህ አትሰማም፤ አንተ ስትገባ ከሁለቱ አንዱ ዝም ይበል። ስለ ጉሙ ደግሞ መሲንቆህን ከመድረኩ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ከማኅደሩ አውጥተህ የክፍሉን አየር ይልመድ፤ ጭራውን አጥብቀህ፣ ደጋኑን ሙጫ ቀብተህ ቃኝ፤ ሁለተኛው ዘፈን ካለቀ በኋላም እንደገና ቃኝ፤ ያን ጊዜ መላላቱ አይቀርምና።