እንግሊዝኛ ደብዳቤ ለምትጽፉ ወጣቶች፦ ስለ «ሃውኤቨር» እና ጓደኞቹ

ሰላም ልጆች።

ብዙ ዓመት የሠራሁት ደብዳቤ በማንበብና በማረም ነው። የሥራ ማመልከቻ፣ የስኮላርሺፕ ጥያቄ፣ ቅሬታ፣ ይቅርታ፣ ምኑ ቅጡ። አብዛኞቹን የጻፏቸው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የሚያስቸግረኝ ሰዋስዉ የተሳሳተው ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ። እሱን አርሞ ማለፍ ቀላል ነው። የሚያስቸግረኝ ሁሉ ነገሩ ልክ የሆነው ነው፤ ፊደሉ ልክ፣ ግሱ ልክ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር»፣ «ሃውኤቨር» ተሰድሮ፣ አንብቤ ስጨርስ ግን ሰውየው ምን እንደሚፈልግ የማላውቀው ደብዳቤ።

ለዚህ ጥፋተኛው ያ የአያያዥ ቃላት ሠንጠረዥ ይመስለኛል። ታውቁታላችሁ። በአንዱ ረድፍ «ለመጨመር»፣ በሌላው «ለማነጻጸር»፣ በሌላው «ምክንያት ለመስጠት» ይልና ከሥሩ ቃላት ይደረድራል። ተማሪውም በአንድ ረድፍ ያሉት ሁሉ እኩል ናቸው ብሎ ያምናል። እዚህ ጋ «በት» ካለ ቀጥሎ «ሃውኤቨር»፣ ከዚያ «ኔቨርዘለስ» እያለ ይቀያይራል። ሠንጠረዡ የማይነግራችሁ፣ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ዝምድናው መኖር እንዳለበት ነው። ሁለት የማይገናኙ ዓረፍተ ነገሮች መሀላቸው «ዜርፎር» ስለገባ አይገናኙም። እንዲያውም ብሶ ያስታውቃል፤ አንባቢው «ስለዚህ» የሚል ነገር ሲያይ ምክንያቱን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈውንም ሁሉ በጥርጣሬ ማንበብ ይጀምራል።

ይቺን ለምሳሌ ያህል ተመልከቱ። «አይ ሃቭ ኤ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ። ሞርኦቨር፣ አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ዚስ ፖዚሽን። ዜርፎር፣ አይ አም ሃርድወርኪንግ።» ዲግሪ አለኝ፣ በዚያ ላይ ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ ስለዚህ ታታሪ ነኝ። በአማርኛ ሲሰማ ያስቃል አይደል? በእንግሊዝኛም ያስቃል። እኛ ነን የማንሰማው።

የችግሩ ግማሽ ከራሳችን ቋንቋ ይመጣል። ጥፋት ሆኖ አይደለም። አማርኛ ብዙውን ጊዜ ሐሳብ የሚያያይዘው እዚያው ግሱ ላይ ስለሆነ ነው። «ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አሽጌ ላክሁት» ስትሉ ለብቻው የቆመ አያያዥ ቃል የለም። «ስለታመመ ቀረ»፣ «ቢደክመውም ጨረሰ»፣ «ሲመጣ ነገርኩት»፣ ሁሉም ግሱ ላይ ተጣብቋል። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ነጥሎ ያቆመዋል፣ አቋቋሙም የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ «ጽፌ ፈርሜ አሽጌ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ኤንድ፣ ኤንድ፣ ኤንድ» ይሆናል። ያንን ያፈረበት ደግሞ ወደ «ሞርኦቨር» ይሸሻል። ከሁለቱ ለእኔ «ኤንድ» ይሻለኛል፤ ቢያንስ አይዋሽም።

«ኦልዞው» ብለን ጀምረን መሀል ላይ «በት» የሚያስጨምረንም ይኸው ልማድ ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳን ቢደክመኝም ግን ጨረስኩት» ብትሉ ማንም ቅር አይለውም። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ይበቃል። ወይ «ኦልዞው አይ ዎዝ ታየርድ፣ አይ ፊኒሽድ ኢት»፣ ወይ «አይ ዎዝ ታየርድ፣ በት አይ ፊኒሽድ ኢት»። በ«ቢኮዝ» ጀምሮ በ«ሶ» መቀጠልም እንደዚያው ነው። «አንለስ» ደግሞ አሉታውን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ሌላ «ኖት» አትጨምሩበት። «አንለስ ዩ ሪፕላይ» ማለት «ካልመለሱልኝ» ማለት ነው። በቅሬታ ደብዳቤ ላይ «ካልመለሱልኝ እከሳለሁ» ለማለት ፈልጋችሁ «አንለስ ዩ ዶንት ሪፕላይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የዛታችሁት ቢመልስላችሁ ልትከሱት ነው።

ከአያያዡ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም ከቃሉ ጋር አብራችሁ ያዙ። «ቢኮዝ» ባለቤትና ግስ ይፈልጋል፦ «ቢኮዝ አይ ዎዝ ኢል»። «ቢኮዝ ኦፍ» ስም ይፈልጋል፦ «ቢኮዝ ኦፍ ማይ ኢልነስ»። «ኦልዞው» እንደ መጀመሪያው፣ «ዲስፓይት» እንደ ሁለተኛው ነው። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ነገር የለም፤ ከ«ኢን ስፓይት ኦፍ» ጋር ተደባልቆባችሁ ነው።

«ሃውኤቨር» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የምትወዱት እሱን ስለሆነ። ትርጉሙ ወደ «በት» ይጠጋል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አያጋጥምም። «አይ አፕላይድ ኢን ሜይ፣ ሃውኤቨር አይ ሪሲቭድ ኖ ሪፕላይ» ስሕተት ነው። ወይ ከፊቱ በነጥብ ዘግታችሁ አዲስ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፣ ወይ ሴሚኮለን አድርጉ፣ ከኋላው ደግሞ ኮማ አስከትሉ። ከፊታቸው ኮማ ብቻ የሚበቃቸው ሰባት ትንንሽ ቃላት ናቸው፦ «ፎር»፣ «ኤንድ»፣ «ኖር»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «የት»፣ «ሶ»። አስተማሪዎች የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደሎቻቸውን ገጣጥመው «ፋንቦይስ» (FANBOYS) ይሏቸዋል፣ ለማስታወስ እንዲቀል። «ዜርፎር»ና «ሞርኦቨር» የ«ሃውኤቨር» ወገን ናቸው። ይህቺን ነጥብና ኮማ ብቻ ብታስተካክሉ ደብዳቤያችሁ ወዲያው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። የምሬን ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ሌላ ነጥብ ለመጨመር አይደለም፤ የአንድን ጉዳይ ሁለተኛ ገጽታ ለማሳየት ነው። «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ደግሞ ከፊቱ የተባለውን «አይደለም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው» ብሎ ይገለብጠዋል። «አት ላስት» ማለት «በስንት መከራ» እንደማለት ነው፣ ብዙ ሲጠበቅ ለቆየ ነገር። የመጨረሻ ነጥባችሁን ልትናገሩ ከሆነ «ፋይናሊ» በሉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ማይክል ሃሊደይና ሩቃያ ሐሰን የተባሉ የቋንቋ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በምን እንደሚተሳሰር ሲለዩ አምስት ዓይነት ማሰሪያ ዘረዘሩ። እንደ «ኢት»ና «ዚስ» ያሉ ወደ ኋላ የሚጠቁሙ ቃላት አንድ። ቃልን በሌላ ቃል መተካት ሁለት። የታወቀውን ነገር ሳይደግሙ መዝለል ሦስት። አራተኛው አያያዥ ቃል ነው። አምስተኛው የቃላቱ የእርስ በርስ ዝምድና፣ ማለትም አንድን ቃል መድገም ወይም የሥጋ ዘመዱን ማምጣት ነው። እንግዲህ እናንተ ቀን ከሌት የምትሸመድዱት ሠንጠረዥ ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነው የያዘው። ሌሎቹ አራቱ ድምፅ ሳያሰሙ ይሠራሉ።

ይህን የቅሬታ ደብዳቤ እዩ፦ «አይ ቦውት ኤ ፕሪንተር ፍሮም ዩር ዌብሳይት ኦን 4 ማርች። ኢት አራይቭድ ዊዝ ኤ ብሮክን ትሬይ። አይ ሪፖርትድ ዚስ ዘ ሴም ዴይ፣ በት ኖባዲ ሃዝ ሪፕላይድ።» ፕሪንተር ገዛሁ፣ ወረቀት መያዣው ተሰብሮ መጣ፣ ያኔውኑ አሳወቅሁ፣ መልስ የለም። ያለው አያያዥ ቃል አንድ «በት» ብቻ ነው። «ኢት» ፕሪንተሩን ይዟል፣ «ዚስ» ስብራቱን ይዟል፣ «ዘ ሴም ዴይ» ቀኑን ይዟል። «በት» የገባችው ሰውየው የሚያማርርበት ቦታ ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የምትሰማው። በየዓረፍተ ነገሩ አንድ አንድ አያያዥ ቢኖር ኖሮ እሷም ትጠፋ ነበር።

አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና የምትወስዱ፣ ይህ ነጥብ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ጀነራል ትሬኒንግ በሚባለው የፈተናው ዓይነት ላይ የጽሑፉ የመጀመሪያ ጥያቄ ደብዳቤ ነው፤ ቢያንስ 150 ቃል፣ 20 ደቂቃ ያህል እንድትሰጡት ይመከራል። ከአራቱ የማረሚያ መስፈርቶች አንዱ የሐሳብ ፍሰትና ትስስር ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ «አያያዥ ባበዛሁ ቁጥር ነጥብ አገኛለሁ» ብሎ ይደመድማል። መስፈርቱ የሚለው ሌላ ነው። የ6 ነጥብ መግለጫ ላይ ትስስሩ የተሳሳተ ወይም «መካኒካል» ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል፤ 7 ላይ እንኳ የአያያዥ መብዛት ወይም ማነስ እንደ ጉድለት ተጠቅሷል። ፈታኙ አይቆጥርም፣ ያነባል።

ደብዳቤውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚደክመው መግቢያው ላይ ነው። እኛ ጤናውን ጠይቀን፣ ቤተሰቡን ጠይቀን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። ለወዳጅ ሲሆን ያምራል። ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጻፋችሁ መናገር አለበት፦ «አይ አም ራይቲንግ ቱ አፕላይ ፎር...»፣ «አይ አም ራይቲንግ ቱ ኮምፕሌይን አባውት...»። በእኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ያለችው «ጉዳዩ፦» የምትባል መስመር እኮ ወርቅ ናት። በኢሜይል የሰብጀክት መስመሩ ላይ ያንኑ አድርጉ። «ሄሎ» ወይም «ሪኩዌስት» ብላችሁ አትላኩ፤ ምን ዓይነት ሪኩዌስት?

አከፋፈቱና አዘጋጉ ይጣጣም። በእንግሊዝ አጻጻፍ ስሙን ለማታውቁት ሰው «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ካላችሁ መዝጊያው «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ነው። በስሙ ከጠራችሁት «ዩርስ ሲንሲርሊ»። አሜሪካኖች በአብዛኛው «ሲንሲርሊ» ብቻ ብለው ይዘጋሉ፣ በመደበኛ ደብዳቤም ከሰላምታው ቀጥሎ ኮማ ሳይሆን ሁለት ነጥብ (:) ያደርጋሉ። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ሂዱበት። «ሚስተር» ካላችሁ የሚከተለው የቤተሰብ ስሙ ነው እንጂ የግል ስሙ አይደለም። ለሴት «ሚስስ» ብላችሁ ከመገመት «ሚዝ» በሉ፣ ያገባች ትሁን አትሁን የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ቀን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉት። 04/03ን እንግሊዛዊው 4 ማርች ብሎ ያነበዋል፣ አሜሪካዊው ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበዋል፣ ቀጠሮው ላይ የምትቀሩት ግን እናንተ ናችሁ።

መዝጊያ ላይ በየጊዜው የማርመው «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» የሚለውን ነው። «ቱ ሂሪንግ» ነው። እዚህ ያለው «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ግሱ በ«ኢንግ» ይመጣል።

አያያዦችም እንደ ልብስ ናቸው፣ የሚለበሱበት ቦታ አላቸው። ለጓደኛ «ፈርዘርሞር» ብላችሁ ስትጽፉ ሙሉ ሱፍ ለብሳችሁ መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንደመግባት ነው። ለጓደኛ ሌሎች አሉላችሁ። ወሬ ለመቀየር «ባይ ዘ ዌይ»፣ ወደ ዋናው ወሬ ለመመለስ ወይም ለመሰናበት «ኤኒዌይ»፣ ለመቀጠል ተራዋ «ሶ»። እነዚህን ሠንጠረዡ ላይ አታገኟቸውም፣ ሰው ግን በእነሱ ነው የሚያወራው። በተቃራኒው ለኃላፊ በሚጻፍ ደብዳቤ «ኤኒዌይ» ብሎ አንቀጽ መጀመር «በቃ ተወው» ያላችሁት ሊመስል ይችላል።

አንድ የምትሞክሩት ነገር ልስጣችሁ። ደብዳቤውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ አያያዦቹን ሁሉ ሰርዙ። ከዚያ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ መሀል በአማርኛ ጠይቁ፦ ለምን? ታዲያ? ግን? ለምሳሌ? መልሱ ከመጣላችሁ ለእሱ የሚሆነውን ትንሹን ቃል መልሱ። ምንም ካልመጣላችሁ ባዶውን ተዉት፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ቦታው እዚያ አይደለም ማለት ነው። አሁን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ማሽን አለ፣ አውቃለሁ። ፊደልና ሰዋስው ያርምላችሁ፣ ችግር የለም። ግን እሱም «ሞርኦቨር» እና «ፈርዘርሞር» ሲያበዛ አይቻለሁና ይህን ጥያቄ በእሱም ሥራ ላይ ጠይቁ።

መልስ ሲመጣላችሁ ደግሞ የመጀመሪያው መስመራችሁ ካለፈው ደብዳቤ ጋር የሚያገናኝ ይሁን፦ «ዛንክ ዩ ፎር ዩር ኢሜይል ኦፍ 12 ጁን»። የሚያነበው ሰው በቀን ስንት መልእክት እንደሚደርሰው አስቡት። ቀኑን ስትነግሩት የትኛውን ጉዳይ እንደሆነ ፋይል ሳያገላብጥ ያውቃል። ከዚያ ጠይቆ ከሆነ ለጥያቄው በቅደም ተከተሉ መልሱለት። ሦስት ነገር ጠይቆ ለአንዱ ብቻ የመለሰ ሰው፣ በየመሀሉ የፈለገውን ያህል «ኢን አዲሽን» ቢያስገባ፣ ሁለቱን እንደገና ይጠየቃል።